ውኃ የሌለው ሞተር በጎንደር ዳገት

የዛሬው የቴክኒክ ዝግጅት የሚያተኩረው በአንዲት ትንሽ መኪናና በረጅም ዳገት ላይ ነው። መኪናዋ አብዛኛው ሰው በአጭሩ ቮልስ የሚላት ቮልስዋገን ናት። ዳገቱ ደግሞ ከጎንደር ተነስቶ በኮሶዬና በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚያወጣው መንገድ ነው።

ቮልስን ለኢትዮጵያ አድማጭ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስ ነው፤ ያ ምስል እስከ ዛሬ ይነገራል። ፋብሪካው የመጨረሻዋን መኪና ሜክሲኮ ፑዌብላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲያወጣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተመርተው ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ከአባት ለልጅ እየተላለፉ የሚነዱ አሉ። በእሽቅድምድም የሚታወቁት ዘመዶቿም ከዚሁ ቤት የወጡ ናቸው። ፖርሽ 356 እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀመር የተሠራው ከቮልስ በተወሰዱ ዕቃዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ለሕዝብ የታየው ፖርሽ 911 ደግሞ እስከ 1998 ድረስ ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየርና በዘይት ነበር። ስለዚህ ቮልስ ለምን ትሞቃለች ተብሎ የሚነገረው አብዛኛው ነገር ለእነሱም ይሠራል።

በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲሞቅ አይደብቅም። ጌጁ ይወጣል፣ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይነሳል፣ ሾፌሩም «ፈላ» ብሎ ዳር ይይዛል። ቮልስ ግን ራዲያተር የላት፣ ውኃ የላት፤ አብዛኞቹ ሞዴሎች ከፋብሪካ ሲወጡ የሙቀት ጌጅ እንኳ አልተገጠመላቸውም። ከኋላ ባለው ሞተሯ ውስጥ አራት ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። ከበላያቸው ማራገቢያ ይዞራል። ማራገቢያው የታሰረው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው፤ ዲናሞውን የሚያዞረው ደግሞ አንድ ቺንጋ ነው። በትልልቆቹ ሞተሮች ማራገቢያው በሙሉ ፍጥነት ሲዞር በሰከንድ ከ500 ሊትር በላይ አየር ይስብና፣ በቆርቆሮ ቤት እየመራ፣ በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ ስስ ክንፎች መካከል ቁልቁል ይገፋዋል። የቀረውን ሙቀት የሚሸከመው ዘይቱ ነው። እሱም 2.5 ሊትር ብቻ ነው።

ታዲያ ቮልስ በጎንደር ዳገት ላይ ኃይሏ ሲደክም፣ ሽታ ሲመጣ ወይም ቆማ አልነሳ ስትል መጀመሪያ የሚከሰሰው ከፍታው ነው። ክሱ ግማሽ እውነት አለው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደባርቅ ደግሞ ከ2,800 ሜትር በላይ። በጎንደር ከፍታ አየሩ ባሕር ጠለል ላይ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ደባርቅ ላይ ወደ ሩብ ይጠጋል። ማራገቢያው የሚገፋው አየር መጠኑ ያው ቢሆንም ክብደቱ ይቀንሳል፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙም አብሮ ይቀንሳል።

ሆኖም ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። የሚያቃጥለው ቤንዚን ያንሳል፣ የሚያወጣው ኃይል ያንሳል፣ የሚያመነጨው ሙቀትም ያንሳል። በዚያ ላይ የደጋው አየር ቀዝቃዛ ነው። አንዱ ሌላውን በአብዛኛው ስለሚያካክስ ጤነኛ ቮልስ ኮሶዬ ላይ ስትደርስ መቃጠል የለባትም። ከተቃጠለች ጉድለቱ ያለው በራሷ ላይ ወይም በአነዳዱ ላይ ነው። ከፍታውን ከሶ ምርመራውን መተው ብዙ ሞተር ያስበላ ልማድ ስለሆነ በዚህ ዝግጅት በብርቱ የምንሞግተው እሱን ነው።

ከአነዳዱ እንጀምር። ሞተሩ የደከመበት ሾፌር ቤንዚን የቆጠበ መስሎት በአራተኛ ማርሽ፣ ነዳጁን እስከ ታች ረግጦ፣ ዳገቱን እየጎተተ ይወጣል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ማራገቢያውም በዝግታ ይዞራል፤ ጭነቱ ግን ሙሉ ነው። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ከዚህ የከፋ ነገር የለም። ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ ደህና አድርጎ እንዲዞር ማድረግ ድምፁን ቢያበዛውም ቅዝቃዜን ይሰጣል። ከደባርቅ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ወደ ዛሪማ ሲወረድም ይኸው ነው። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ በሚወርደው በዚያ ቁልቁለት በዝቅተኛ ማርሽ የምትሄድ ቮልስ ፍሬኗን ከማዳኗም ሌላ፣ ማራገቢያዋ በፍጥነት እየዞረ ሞተሩ ጭነት ስለሌለበት ከዳገቱ የተረፈውን ሙቀት ታራግፋለች።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሚዘለል ነው፤ ሞተሩ በእርግጥ ሞቋል ወይ?

ኮሶዬ ላይ ወደ ገደሉ ለማየት የቆመች መኪና ከሩብ ሰዓት በኋላ አልነሳ ስትል ሞተሩ ነክሷል ይባላል። ብዙ ጊዜ ግን የሆነው ሌላ ነው። በቮልስ ላይ የቤንዚን ፓምፑ የተተከለው በሞተሩ አካል ላይ፣ ከዲናሞው አጠገብ ነው። መኪናዋ ስትቆም ማራገቢያው ይቆማል፤ የሞተሩ ሙቀት ወደ ላይ ይወጣና በፓምፑና በቱቦው ውስጥ ያለውን ቤንዚን ያተነዋል። በከፍታ ቦታ ፈሳሽ ሁሉ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ጎንደር ላይ ውኃ እንኳ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። ፓምፑ ፈሳሽ ፈልጎ ትነት ሲስብ ቤንዚን ወደ ካርቡራተር አይደርስም። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ፓምፑ ላይ መጠቅለልና ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከተነሳች ሞተሩ ደህና ነው፤ የሚታየው የቤንዚን ቱቦው አቀማመጥና ሙቀት መከላከያው ነው። ውኃውን ግን በምንም ምክንያት በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ ላይ ማፍሰስ አይገባም። የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

እውነተኛውን ሙቀት ለማወቅ የተሻለው መንገድ የዘይት ሙቀት ጌጅ ማስገጠም ነው። ጌጅ የሌለው ሰው ከረጅም ዳገት በኋላ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ዘይቱን ይመልከት። ዘይቱ እንደ ውኃ ቀጥኖ ከተንጠባጠበና የመቃጠል ሽታ ካለው ጉዳዩ እውነት ነው። ሌላው ምስክር የዘይት ግፊት መብራት ነው፤ በአሮጌዎቹ ሞዴሎች አረንጓዴ ነው። ዳገት ከጨረሱ በኋላ በሚኒሞ ሲቆም ብልጭ ድርግም ካለ ዘይቱ ከመጠን በላይ ቀጥኗል፣ ወይም ኩሽኔታው አልቋል፣ ወይም ሁለቱም ሆነዋል።

ቀዩ የዲናሞ መብራት ግን ከሁሉ የሚበልጥ ነው። ሌላ መኪና ላይ የዲናሞ መብራት ሲበራ ሾፌሩ ባትሪው እስኪያልቅ ድረስ ነድቶ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ቮልስ ላይ ይህን ያደረገ ሰው ሞተሩን ይገድላል። ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ማራገቢያውንም የሚያዞረው ስለሆነ፣ በጉዞ ላይ ቀይ መብራት በራ ማለት ማራገቢያው ቆሞ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ወዲያው ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋትና የኋላውን ኮፈን ከፍቶ ቺንጋውን ማየት ያስፈልጋል። ይህን መኪናዋን የሚነዳ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ቺንጋው ባይበጠስም ሊላላ ይችላል። በአውራ ጣት መሃሉ ላይ ሲጫኑት አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል መግባት አለበት። ከዚያ በላይ ከገባ ይንሸራተታል፤ በዳገት ላይ፣ ብዙ አየር በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ማራገቢያው ወደ ኋላ ይቀራል። የቮልስ ቺንጋ ማጥበቂያ ከሌላ መኪና የተለየ ነው። በዲናሞው ላይ ያለው ፑሌ ሁለት ግማሽ ሆኖ ይፈታል፤ በሁለቱ ግማሾች መካከል ስስ ሮንዴላዎች አሉ። ዳዶው በ21 ቁልፍ ይፈታል፤ ፑሌው እንዳይዞር በጠርዙ ቀዳዳ ካቻቢቴ ይገባበታል። ከመካከል አንድ ሮንዴላ ሲወጣ ግማሾቹ ይቀራረባሉ፣ ቺንጋውም ወደ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል። የወጣው ሮንዴላ አይጣልም፤ ከፑሌው ውጭ በዳዶው ሥር ይቀመጣል፤ አዲስ ቺንጋ በሚገባበት ቀን ያስፈልጋል። መቀመጫ ሥር መለዋወጫ ቺንጋና 21 ቁልፍ ሳይዙ ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች መሄድ አያስመክርም።

ቺንጋው ደህና ከሆነ አየሩን ተከትሎ መሄድ ነው። አየር የሚገባው ከኋላ መስታወት ሥር ባሉት ቀዳዳዎች በኩል ነው። እዚያ ደረቅ ቅጠል ይከማቻል። ማራገቢያው የሚስብበት ክብ አፍ ላይ ደግሞ የሚያጋጥመው ፌስታል ነው። ከመንገድ የተነሳ አንድ ስስ ፌስታል በአፉ ላይ ሲለጠፍ ግማሹን አየር ይከለክላል። ሞተሩ ሲጠፋ መሳቡ ስለሚቆም ፌስታሉ ይወድቅና መካኒኩ ምንም ሳያገኝ ይቀራል። ስለዚህ ከዳገት በኋላ ሞተሩን ሳያጠፉ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጅንና ልብስን ከቺንጋው አርቆ፣ አፉን ማየት ብልህነት ነው። ረጅም ጊዜ ቆማ በነበረች መኪና ውስጥ አይጥ በቆርቆሮው ቤት ጎጆ ሠርታ ትገኛለች፤ ይህ የሚታየው ማራገቢያው ሲፈታ ብቻ ነው።

ቆርቆሮዎቹ ራሳቸው ብዙ ሰው የማይገምተው ሥራ አላቸው። በሞተሩ ዙሪያ የተገጠሙት ቆርቆሮዎችና ላስቲኮች የላይኛውን ቀዝቃዛ አየር ከታችኛው የጋለ አየር ይለያሉ። ሞተር ወጥቶ ሲገባ አንድ ቆርቆሮ «ትርፍ» ተብሎ ከቀረ፣ ወይም ዙሪያውን የሚዘጋው ላስቲክ ደርቆ ከወደቀ፣ ማራገቢያው ከማርሚታው ላይ የሚነሳውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል። በእጅ የማይዳሰሰውን ክፍተት ለማግኘት አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። ማታ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ባትሪ አብርቶ ከመኪናዋ ሥር ማስቀመጥና ከላይ ኮፈኑን ከፍቶ ማየት ነው። ብርሃን ብልጭ ያለበት ቦታ ሁሉ ትኩስ አየር የሚገባበት ነው። ካንዴላዎቹ የሚገቡበት ቀዳዳ ላስቲክም አይዘንጋ። «አየር እንዲገባላት» ብሎ የኋላውን ኮፈን በእንጨት ደግፎ የሚነዳ ሰው አለ፤ ክፍተቱ ከሥርና ከኋላ የሚመለሰውን ትኩስ አየር እንዳይጋብዝ መጀመሪያ ላስቲኩን ማደስ ይሻላል።

ከቆርቆሮው በታች ክንፎቹ አሉ። ከቫልቭ ሽፋኑ ወይም ቫልቭ ከሚገፉት ዘንጎች ቱቦ የሚንጠባጠብ ዘይት የጠጠር መንገድ አቧራ ሲያገኘው በክንፎቹ መካከል ይጋገራል። እንዲህ የሆነ ሞተር ጋቢ ተከናንቦ ዳገት እንደሚወጣ ሰው ነው፤ ማራገቢያው ቢያራግብለት አየሩ ወደ ገላው አይደርስም። መፍትሔው የዘይቱን መፍሰስ ማስቆምና ክንፎቹን ማጠብ ነው። ከቆርቆሮው ቤት ውስጥ የሚከፈቱና የሚዘጉ ቅጠሎችም አሉ። በቴርሞስታት የሚሠሩ ሲሆኑ ሞተሩ እስኪሞቅ አየሩን ይገድባሉ፤ 65 ወይም 70 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታሉ። ቴርሞስታቱ ራሱ ሲበላሽ ቅጠሎቹ ተከፍተው እንዲቀሩ ሆኖ የተሠራ ነው፤ የሚያስቸግረው ዘንጉ ዝጎ ሲነክስ ነው። ቅጠሎቹን ነቅሎ መጣል ግን አየሩን ወደ ዘይት ማቀዝቀዣውና ወደ ሲሊንደሮቹ የሚመራውን ክፍል ያጠፋል።

አሁን የዚህ ዝግጅት ዋና ነጥብ ላይ ደርሰናል፤ ጎንደርን ከሌላ ቦታ የሚለያት እሱ ነው። ከጎንደር በአዘዞና በአይከል አድርጎ ወደ መተማ የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን ከ2,100 ሜትር ወደ 700 ሜትር ገደማ ይወርዳል። በመጋቢትና በሚያዝያ መተማ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ሆኖም በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ እንኳ የመተማ አየር ከጎንደር አየር 10 በመቶ ያህል ይከብዳል።

ይህ ለምን ያሳስባል? በደጋ አየር ሲሳሳ ካርቡራተሩ ለዚያ አየር የማይመጥን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላዎቹ በጥላሸት ይጠቁራሉ፣ ቤንዚን ይበዛል፣ መኪናዋ ትደክማለች። ጎበዝ መካኒክ ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለቀዳዳ ብሎን በጠበበ ይቀይርላታል። ከዚያም የጠፋውን ኃይል ለመመለስ ዲስትሪቢዩተሩን ጥቂት ዲግሪ ያስቀድማል፤ በሳሳ አየር ሞተሩ ስለማይንኳኳ ይችለዋል። መኪናዋ ደባርቅ ድረስ ደስ ብሏት ትወጣለች። ያቺው መኪና ወደ መተማ ስትወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አየሩ ይከብዳል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ የሳሳ ድብልቅ ደግሞ ሞተሩን ያግለዋል። ቀድሞ የሚመጣው ብልጭታ ዳገት ላይ ቀጭን የብረት መንኳኳት ያሰማል። እያንዳንዱ ምት በፒስተኑና በቴስታታው ላይ የሚያርፍ ሙቀት ነው። ሾፌሩ «የቆላው ፀሐይ ገደላት» ይላል። የገደላት ግን ለደጋው የተደረገላት ማስተካከያ ነው።

ምስክሩ ካንዴላው ነው። ከመተማ መንገድ ላይ ተፈትቶ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው። ነጭ ከሆነ ድብልቁ ሳስቷል። በጎንደርና በቆላው መካከል የሚመላለስ ሰው የደጋውን ጠባብ ብሎን ከመያዝ ይልቅ የፋብሪካውን መጠን ይያዝ፤ ደባርቅ ላይ ትንሽ ኃይልና ትንሽ ቤንዚን ቢከስርም ሞተሩን ያተርፋል። ታይሚንጉም በፋብሪካው ልክ ይሁን። ካርቡራተሩ ያልተነካ ሆኖ ካንዴላው ከነጣ ደግሞ አየር የሚገባበት የተሰነጠቀ ጓርኒሲዮን ይፈለግ።

ሌላው የቮልስ ምስጢር ሦስተኛው ሲሊንደር ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 1970 ገደማ በተሠሩት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የተተከለው በማራገቢያው ቤት ውስጥ፣ ከሦስተኛው ሲሊንደር በላይ ነው። ስለዚህ ያ ሲሊንደር የሚያገኘው አየር የሞቀ ነው። ፋብሪካው ይህን አውቆ የዚያን ሲሊንደር ብልጭታ ጥቂት ዲግሪ እንዲዘገይ ያደረገባቸው ዲስትሪቢዩተሮች ነበሩ፤ በኋላም ማቀዝቀዣውን ከቤቱ ውጭ አውጥቶታል። ሞተሩ ቀዝቅዞ የቫልቭ ክፍተት ሲለካ (በብዙዎቹ ሞዴሎች 0.15 ሚሊሜትር ነው) የሦስተኛው ሲሊንደር የጭስ ቫልቭ ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ከተገኘ ቫልቩ እየተሳበ ነው። እንዲህ ያለ ቫልቭ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ፒስተኑን ሊሰብር ይችላል። ክፍተቱን እያሰፉ መንዳት መፍትሔ አይደለም፤ ቴስታታው መፈታት አለበት።

ስለ ፖርሽ 911 አንድ ሁለት ነገር እንበል። ዘይቱ ከሞተሩ ውጭ በጋን ይቀመጣል። ደረጃው የሚለካው ሞተሩ ሞቆና በሚኒሞ እየሠራ ነው፤ ቀዝቅዞ የለካ ሰው ጎደለ ብሎ ከመጠን በላይ ይሞላዋል። ከፊት ቀኝ ጎማው አካባቢ ሁለተኛ የዘይት ማቀዝቀዣ ባላቸው ሞዴሎች፣ ሞተሩ በጣም ሞቆ ወደ ፊት የሚሄደው ቱቦ ቀዝቃዛ ሆኖ ከተገኘ የዘይት ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቀርቷል። ጎንደር ውስጥ የሚርመሰመሱት ባጃጆችም ብዙዎቹ በማራገቢያ አየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ስላላቸው ስለ ማራገቢያው አፍ፣ ስለ ክንፎቹና ስለ ዘይቱ የተባለው ለእነሱም ይሆናል።

ወደ ቮልስ ስንመለስ፣ ይህ ሁሉ ታይቶ ሙቀቱ ካልበረደ የመጨረሻው ምርመራ ዘይቱን ማውጣት ነው። በሞተሩ ሆድ ሥር ያለው ክብ ሽፋን በስድስት ትናንሽ ዳዶዎች ታስሯል፤ በውስጡ ወንፊት አለ። ወንፊቱ ላይ ጥቁር ዝቃጭ ብቻ ካለ ታጥቦ፣ ጓርኒሲዮኑ ተቀይሮ፣ ጥራቱ የታወቀ አዲስ ዘይት ይሞላል፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትርም መቀየር ይቀጥላል። የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ግን ኩሽኔታው መበላት ጀምሯል ማለት ነው። ያኔ ሞተሩን ማውጣት ነው፤ ከካምቢዮው ጋር የተያያዘው በአራት ቦታ ስለሆነ ሁለት መካኒኮች በግማሽ ቀን ያወርዱታል። ኩሽኔታውን ለማዘዝ ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራ ከመደወል በፊት የክራንኩ ውፍረት በትክክል ይለካ፤ ከዚህ ቀደም ተሞርዶ ከሆነ የሚያስፈልገው የፋብሪካው ልክ ሳይሆን ወፈር ያለው ነው።